ላላየው ሰው ባንዲራን በቃል ማስረዳት

ባንዲራ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ጉባኤ በቀረበ ቁጥር የ55ቱ አባል አገሮች ባንዲራ ይፈለጋል፤ ትእዛዙም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው። ደንበኛው «ግራው አረንጓዴ፣ መሐሉ ቢጫ፣ ቀኙ ቀይ የሆነውን» ይለኛል። ይህ አነጋገር ለማሊም ለጊኒም ይሆናል። የማሊን ባንዲራ ከፊቱ ያየ ሰው እንዲህ ይላል፤ የጊኒን ባንዲራ ከጀርባው ያየ ሰውም ቃል በቃል ያንኑ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን በዚህ ብቻ መቀስ አላነሣም።

ይህን የምጽፈው ባንዲራ ለሚያሰፉ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጥቅምት ወር ሲገባ የሰንደቅ ዓላማ ቀንን ለሚያዘጋጁ፣ ስለ ባንዲራ ለሚጽፉና ለሚተረጉሙ ነው። መለኪያው አንድ ነው፦ ባንዲራውን አይቶ የማያውቅ ሰው የእናንተን ቃል ብቻ ሰምቶ በትክክል መስፋት መቻል አለበት። ለዚህ የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው። የሚነገሩበት ቅደም ተከተል ግን ከቃላቱ እኩል ይመዝናል።

ባንዲራን የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ ቬክሲሎሎጂ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው አሜሪካዊ ዊትኒ ስሚዝ ነው። መነሻ ያደረገው የሮማ ፈረሰኞች በአግድም ዘንግ ላይ አንጠልጥለው ይይዙት የነበረውን ዓላማ፣ ቬክሲሉምን ነው። የጋያና ባንዲራም የተገኘው ከስሚዝ ንድፍ ነው። የዘርፉ ሰዎች ለእያንዳንዱ የባንዲራ ክፍል ስም አላቸው። ስሞቹን ሁሉ ማወቅ ግድ አይደለም፤ ሥራ የሚያበላሹትን ስሕተቶች የሚከለክሉትን ማወቅ ግን ግድ ነው።

ከምሰሶው መጀመር

ግራና ቀኝ የሚባሉትን ቃላት ተዉአቸው። ባንዲራ ሁለት ገጽ ስላለው አንዱ ከዚህ ወገን፣ ሌላው ከዚያ ወገን ሆኖ ሲያየው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ለሁሉም ተመልካች የማይለወጠው ምሰሶው ነው። ስለዚህ ጨርቁ ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበትን ጎን የምሰሶ ጎን፣ በነፋስ የሚውለበለበውን ተቃራኒውን ደግሞ የነፋስ ጎን በሉት። በእንግሊዝኛ ሰነድ የመጀመሪያው ሆይስት፣ ሁለተኛው ፍላይ ተብሎ ታገኙታላችሁ። በእኛ ሥራ ቤት የምንጠራበት ስም ግን ለሰፊውም ለደንበኛውም ሳይተረጎም ይገባል።

አሁን ትእዛዙ ጥርት ይላል። ከምሰሶው ጀምሮ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከተባለ ማሊ ነው፤ ከምሰሶው ጀምሮ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ከተባለ ጊኒ። አየርላንድና ኮትዲቯርም የሚለዩት በዚሁ ነው፤ አየርላንድ ከምሰሶው አረንጓዴ ብሎ በብርቱካናማ ይጨርሳል፣ ኮትዲቯር ከብርቱካናማ ተነሥቶ በአረንጓዴ ይጨርሳል። ነጩ በሁለቱም መሐል ነው።

የነፋስ ጎን የሚለውን ስም የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። ባንዲራ የሚያረጀው ከዚያ ነው። ቀለሙ ገና ሳይደበዝዝ የሁለቱ ማዕዘኖች ክር ይተረተራል፣ ከዚያ ጠርዙ በሙሉ ይበጣጠሳል። ለዚህ ነው ያንን ጎን አጥፈን ደጋግመን በመስመር በመስመር የምንሰፋው። ባንዲራ ስትገዙ መጀመሪያ እዚያ ጋ እዩ፤ አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለው ነፋሻ ቦታ ላይ አይቆይም።

ምሰሶው በተመልካቹ ግራ ሆኖ የሚታየው ገጽ የባንዲራው ፊት ነው፤ ግራ የሚለውን ቃል የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው። ሌላው ገጽ ጀርባው ነው። የአብዛኛው ባንዲራ ጀርባ የፊቱ ግልባጭ ስለሆነ አንድ ጨርቅ ይበቃዋል። ጽሑፍ ሲኖርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የሳዑዲ ዓረቢያ ባንዲራ ላይ ያለው የእምነት ቃል ከሁለቱም ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ በትክክል መነበብ አለበት፤ ሰይፉም በሁለቱም ገጽ ወደ ጽሑፉ አቅጣጫ ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ተገጥሞ ይሰፋል፣ ዋጋውም እንዲሁ ይጨምራል። ፓራጓይ ከዚህም ትለያለች፤ ፊቱ ላይ የአገሪቱ ዓርማ፣ ጀርባው ላይ አንበሳ ያለበት የግምጃ ቤቱ ማኅተም አለ። «ጀርባው ከፊቱ ጋር አንድ ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ትእዛዝ አትዝጉ።

ወርድ፣ ከዚያ ርዝመት

ወርድ የምንለው በምሰሶው ላይ የሚያርፈውን ጎን ነው፤ ርዝመት ከምሰሶው እስከ ነፋስ ጎን ያለው ነው። ሰው ባንዲራውን ተሰቅሎ ሲያየው ወርዱን ቁመት ሊለው ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ረጅሙን ጎን ቁመት ይለዋል። እኛ ቁመት የሚለውን ቃል ለምሰሶው ብቻ ትተነዋል። ምጣኔ ሲነገር ወርድ ይቀድማል። 1 ለ 2 ሲባል ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፤ የኢትዮጵያ እንዲህ ነው። ብዙ አገሮች 2 ለ 3 ናቸው። ስዊዘርላንድና ቫቲካን 1 ለ 1፣ ማለትም አራቱም ጎን እኩል ነው። ቀጭኑ የኳታር ነው፣ 11 ለ 28። ኔፓል ከሁሉም ትለያለች፤ ባንዲራዋ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተደራርበው የተሠራ ስለሆነ ወርዱ ከርዝመቱ ይበልጣል።

ምጣኔ እንደ ትርፍ ዝርዝር ይታያል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ሁሉ እሱ ነው። ኢንዶኔዥያና ሞናኮ ሁለቱም ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ናቸው። ኢንዶኔዥያ 2 ለ 3፣ ሞናኮ 4 ለ 5 ነው። ጉባኤ አዘጋጆች የሁሉንም አገር ባንዲራ በአንድ ልክ እንዲሰፋላቸው ይፈልጋሉ፣ በረድፍ ሲቆም ስለሚያምር። እንደዚያ ሲሆን ንድፉን ወደ አዲሱ ልክ እንዴት እንደምናመጣው ቀድመን እንነጋገራለን፤ ክብ ነገር ሲለጠጥ እንቁላል መምሰል የለበትም።

መደቡን መክፈል

መደብ የባንዲራው ወለል ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ይቀመጣል። መደቡ ወይ አንድ ቀለም ነው፣ ወይ በአግድም፣ በቁም ወይም በሰያፍ ይከፈላል። አቅጣጫውን ንገሩ፤ ቀጥላችሁ ቀለሞቹን በአግድም ከሆነ ከላይ ወደ ታች፣ በቁም ከሆነ ከምሰሶው ወደ ነፋስ ጎን ቁጠሩ፤ በመጨረሻ የእያንዳንዱን ስፋት ተናገሩ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ መሆኑን፣ መሐሉ ላይ ብሔራዊ ዓርማ መኖሩን፣ ሦስቱ ቀለሞችም እኩል ሆነው በአግድም እንደሚቀመጡ ይናገራል። እኩል የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ሰፊው ይገምት ነበር። ዝርዝሩን የሞሉት ከዚያ በኋላ የወጡት አዋጆች ናቸው፤ አንዱ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ነው። እኩል ያልሆኑትን ደግሞ በቁጥር ንገሩ። የኮሎምቢያ ቢጫ የመደቡን ግማሽ ይይዛል፣ ሰማያዊና ቀይ የቀረውን ግማሽ ይካፈላሉ፤ ይህ 2፣ 1፣ 1 ተብሎ ይነገራል። የታይላንድ አምስት መስመሮች 1፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1 ናቸው፤ መሐለኛው ሰማያዊ የሌላውን እጥፍ ነው።

በላይኛው የምሰሶ ማዕዘን ላይ ለብቻው የተቆረጠ መደብ ካለ የማዕዘን መደብ እንለዋለን፤ ካንተን የሚባለው እሱ ነው። እስከየት እንደሚወርድ መናገር አትርሱ። የላይቤሪያ ባንዲራ 11 ቀይና ነጭ መስመሮች አሉት፣ ሰማያዊው የማዕዘን መደብ የሚወርደው እስከ አምስተኛው መስመር መጨረሻ ነው። የቶጎ መስመሮች አምስት ናቸው፣ ቀዩ የማዕዘን መደብ ሦስቱን ይሸፍናል። በሁለቱም ውስጥ አንድ ነጭ ኮከብ አለ።

ሦስት ማዕዘንም እንዲሁ ጫፉ የት እንደሚደርስ ካልተነገረ አይሰፋም። ጎረቤቶቻችንን ብቻ ተመልከቱ። የጅቡቲ ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ የሱዳን አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ከምሰሶው ይነሡና መደቡ ውስጥ ይቆማሉ። የኤርትራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ግን መሠረቱ የምሰሶውን ጎን በሙሉ ይዞ ጫፉ የነፋስ ጎን ድረስ ይሄዳል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ሰማያዊ ይቀራል። ሦስቱንም «ከምሰሶው በኩል ሦስት ማዕዘን ያለው» ብሎ መግለጽ ይቻላል፤ የሚወጣው ጨርቅ ግን ለየቅል ነው።

መስቀል ያለበት ሲመጣ የመስቀሉ መገናኛ መሐል ነው ወይስ ወደ ምሰሶው ቀረብ ያለ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የዴንማርክ፣ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድና የአይስላንድ ሁሉም ወደ ምሰሶው ይቀርባል። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄደው ሰያፍ መስቀል ደግሞ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ይባላል፤ የስኮትላንድ ነጭ ነው፣ የጃማይካ ወርቃማ ቢጫ ነው።

ባላውና ማለያ ጠርዙ

የደቡብ አፍሪካን ባንዲራ በቃል ማስረዳት የቻለ ሰው ሌላው ብዙ አያስቸግረውም። ይህ ፍሬድሪክ ብራውኔል የነደፈው ባንዲራ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 27 ቀን 1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ስድስት ቀለም ስላለው ደንበኛ የሚያዝዘው «ያ ቀለሙ የበዛው» ብሎ ነው። ለእኔ ግን ከሚሰፉት ሁሉ እጅግ የታሰበበት ነው፤ ምክንያቱ ሜትር ሲያርፍበት ይታያል።

ምጣኔው 2 ለ 3 ነው። ወርዱን 120 ሴንቲ ሜትር እናድርገው፤ ርዝመቱ 180 ይሆናል። በመደቡ ላይ በጎኑ የተጋደመ አረንጓዴ ባላ አለ፤ ቅርጹ ጎጆ ሲሠራ ማገር እንደሚደገፍበት ባለ ሁለት ቅርንጫፍ እንጨት ነው፣ በሥራ ቤታችንም ስሙ ይኸው ነው። ቅርንጫፎቹ ከሁለቱ የምሰሶ ማዕዘኖች ይነሣሉ፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ አንድ ግንድ ሆነው በአግድም እስከ ነፋስ ጎን ይዘልቃሉ። ከባላው በላይ ቀይ፣ ከባላው በታች ሰማያዊ ነው። በቅርንጫፎቹ መካከል፣ በምሰሶው በኩል፣ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለ።

የባላው ስፋት የወርዱ አንድ አምስተኛ ነው፤ በእኛ ልክ 24 ሴንቲ ሜትር። አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ነጭ፣ ከጥቁሩ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ወርቃማ ቢጫ ጠርዝ ይገባል። ባላው ከነጠርዞቹ የወርዱን አንድ ሦስተኛ ይይዛል፣ 40 ሴንቲ ሜትር። ከ40 ላይ 24ቱ ሲነሣ 16 ይቀራል፤ ለሁለቱ ወገን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በነፋስ ጎን ላይ ሜትር ዘርጉና ከላይ ወደ ታች አንብቡ፦ ቀይ 40፣ ነጭ 8፣ አረንጓዴ 24፣ ነጭ 8፣ ሰማያዊ 40። ድምሩ 120። አንድም ክር የሚተርፍ፣ አንድም የሚጎድል የለም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስቆርጠው ይህንን ነው።

እነዚህን ቀጫጭን መስመሮች ማለያ ጠርዝ ብያቸዋለሁ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል፣ በመግለጫውም ይዘላቸዋል። ሥራቸው ግን ከባድ ነው። ቀይና አረንጓዴ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ከሩቅ ይደባለቃሉ፣ ወሰናቸው ይጠፋል። የድሮ አውሮፓውያን የጋሻ ዓርማ ነዳፊዎች ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እርስ በርስ እንዳይነባበሩ ሕግ አውጥተው ነበር፤ በመካከላቸው ነጭ ወይም ቢጫ ያስገባሉ። የኬንያ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ የሚለያዩት በነጭ ማለያ ጠርዝ ነው፣ ምጣኔውም 6፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6 ነው፤ የታንዛኒያ ጥቁር ሰያፍ ከሁለቱም ወገን ቢጫ ጠርዝ አለው፣ ከታችኛው የምሰሶ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይኛው የነፋስ ማዕዘን ይወጣል። ከእነዚህ ባንዲራዎች ላይ ጠርዙን ቢያነሡት ሌላ ባንዲራ ይሆናል።

ዓርማውን ማስቀመጥ

መደቡ ካለቀ በኋላ በላዩ የሚቀመጠውን ምልክት ግለጹ። አራት ነገር ይበቃል፦ ምንድን ነው፣ የት ላይ ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ወዴት ይዞራል። የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ይረሳል። በባንዲራ ልማድ እንስሳ ፊቱን ወደ ምሰሶው ያዞራል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባንዲራ ላይ የነበረው ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ በፊተኛው ገጽ ወደ ምሰሶው ነው የሚራመደው፣ የቀኝ እግሩም ባለ መስቀል ዘንግ ይዟል። የስሪላንካው ባለ ሰይፍ አንበሳም እንዲሁ ወደ ምሰሶው ይመለከታል። ፊቱን ወደ ነፋስ ጎን ያዞረ አንበሳ፣ ባንዲራው ወደ ፊት ሲጓዝ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል።

ኮከብ ሲባል ስንት ጫፍ እንዳለው ንገሩ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ መቆሙንም አረጋግጡ። ከዚያ ሙሉ ነው ወይስ የመስመር? የጋና ጥቁር ኮከብና የሶማሊያ ነጭ ኮከብ ሙሉ ናቸው። የሞሮኮ አረንጓዴ ኮከብ በተጠላለፉ መስመሮች የተሠራ ነው፣ ቀዩ መደብ በመሐሉ ይታያል። በኢትዮጵያ ዓርማ ላይ ያለው ቢጫ ኮከብም የመስመር ነው፤ በሰማያዊ ክብ ላይ ተቀምጦ በጫፎቹ መካከል ጨረር ይወጣል። ኮከቡን ሞልተው የሚያትሙ አሉ፤ ይህ የሰው ክብር የሚነካ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሥራ ለማረም ሲመጣልኝ ዓርማውን በሙሉ እቀይረዋለሁ።

ትንሽ ምልክት ትልቅ ነገር ታድናለች። እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ኦሊምፒክ ላይ የሄይቲና የሊክተንስታይን ባንዲራዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ታወቀ፤ ሁለቱም ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቀይ ነበሩ። በዓመቱ ሊክተንስታይን በሰማያዊው ላይ፣ በምሰሶው በኩል፣ ወርቃማ ዘውድ ጨመረች።

ቀለሙን መጥራት

ሰማያዊ ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የሶማሊያ ሰማያዊ ፈካ ያለ የሰማይ ቀለም ነው፣ የላይቤሪያ የጠቆረ ነው። ቻድና ሮማንያ ሁለቱም ከምሰሶው ጀምሮ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ በቁም ናቸው፣ ምጣኔያቸውም 2 ለ 3 ነው፤ የቻድ ሰማያዊ ጥቂት ጠቆር ማለቱ ነው ልዩነቱ። የኳታር ቀይ ደግሞ ቀይ ተብሎ ከታዘዘ ፈጽሞ ይሳሳታል፣ ወይን ጠጅ ነው። በተቻለ መጠን የፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም የተሰጠውን መለያ ቁጥር ላኩ። ቁጥር ከሌለ የጨርቅ ቁራጭ ላኩ። የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ፎቶግራፍ ቀለም አይታመንም፣ በእያንዳንዱ ስልክ ይለያያልና።

ማን ነው የሚሰቅለው?

አንድ አገር ከአንድ በላይ ባንዲራ ሊኖረው ይችላል። በዘርፉ አጠራር የሕዝብ፣ የመንግሥትና የጦር ባንዲራ ይለያሉ፤ ሦስቱም ደግሞ የየብስና የባሕር አላቸው። ጥናቱን የሚያካሂዱት ሰዎች ይህንን በስድስት ሣጥን ሠንጠረዥ ነጥብ እያደረጉ ይመዘግባሉ። ለእናንተ የሚጠቅመው ጥያቄው ነው። በዴንማርክ ግለሰብ የሚሰቅለው ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰቅሉት በነፋስ ጎን ሁለት ጫፍ ሆኖ የተሰነጠቀውን ነው። የጀርመን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ባንዲራ ላይ ንስር ያለበት ጋሻ አለ፣ ሕዝቡ የሚሰቅለው ላይ የለም። ለኤምባሲ የሚሆነው ለምግብ ቤት በር ላይሆን ይችላል።

ስለ አሰቃቀሉም አንድ ቃል አክሉ። በምሰሶው ጎን ገመድ የሚገባበት የብረት ቀለበት ይሁን ወይስ ዘንጉ የሚያልፍበት ኪስ? ለቢሮ ከሆነ ኪስ፣ ለግቢ ምሰሶ ከሆነ ቀለበት ይሻላል።

ሁሉንም ከተናገራችሁ በኋላ ሰሚው ከምሰሶው ጀምሮ እንዲደግምላችሁ፣ ከተቻለም በወረቀት ስሎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የተሰፋውን ስትረከቡ ደግሞ በምሰሶው ጎን፣ በላይኛው ማዕዘን ውስጠኛው እጥፋት ላይ «ላይ» ተብሎ እንዲጻፍበት ጠይቁ። የብሪታንያ ባንዲራ ተገልብጦ ሲሰቀል የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው፤ ምልክቱ በምሰሶው ጎን ሰፊው ነጭ ሰያፍ ከቀዩ በላይ መሆኑ ብቻ ነው። በጠዋት ገመድ የሚስበው የጥበቃ ሠራተኛ ይህንን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ ጽሑፉን አይቶ ይሰቅላል።